ከዊንዶውስ ጎን የተጫነን ኡቡንቱ ሙሉ ባክአፕ ስለማድረግ

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አንድ የሞጣ መምህር ላፕቶፑን ይዞ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የጥገና ቤቴ መጣ። ማሽኑ ላይ ሁለት ሲስተም ነበር፤ ዊንዶውሱን በፓወር ግእዝ ፈተና ለመጻፍ፣ ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነውን ኡቡንቱውን ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱ ይገለገልበታል። ዊንዶውሱ ሲያስቸግረው ሌላ ቦታ ወስዶ ፎርማት አስደርጎታል። የሠራለት ባለሙያ ኡቡንቱው ያለበትን ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስኩን ክፍል፣ ባይነካበትም፣ ማሽኑ ሲበራ ከሁለቱ አንዱን የሚያስመርጠው ጥቁር ገጽ ጠፍቶ በቀጥታ ዊንዶውስ ይገባ ጀመር። መምህሩ እምብዛም አልተጨነቀም፤ ከስድስት ወር በፊት እኔው ራሴ የኡቡንቱውን ፓርቲሽን ቅጂ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጬለት ነበርና። ቅጂውን በልበ ሙሉነት መለስሁት። ማሽኑን ሳስነሣው እንደገና ዊንዶውስ ገባ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቅጂው ሙሉ የመሰለኝ፣ ኡቡንቱ በራሱ ፓርቲሽን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖር ስለመሰለኝ ነው። ከሌላ ሲስተም ጋር አንድ ማሽን የሚጋራ ሲስተም ግን ሦስት ቦታ ተበትኖ ይኖራል፤ ባክአፕ የሚያደርግ ሰውም ሦስቱንም ማሰብ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የማስረዳው አሠራር ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላለበትና ኡቡንቱ በኋላ ለተጨመረበት ማሽን ነው፤ ሚንትና ሌሎች የኡቡንቱ ዘመዶችም በዚሁ መንገድ ይስተናገዳሉ። ቅጂውን ለመውሰድም ሆነ ለመመለስ አንድም የትእዛዝ መስመር መጻፍ አያስፈልግም።

ሲስተሙ የሚኖርባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ኡቡንቱው የተጫነበት ፓርቲሽን ነው። ይህ ፓርቲሽን አብዛኛውን ጊዜ ኤክስት4 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተሠራ ሲሆን፣ ዊንዶውስ ይህን አደረጃጀት በራሱ ማንበብ ስለማይችል በዲስክ ማኔጅመንት ገጽ ላይ ስፋቱን ብቻ ያሳያል እንጂ እንደ ሲ እና ዲ ያለ ፊደል አይሰጠውም። በዊንዶውስ በኩል የሚወሰድ የፋይል ባክአፕም ኡቡንቱውን አያገኘውም። ዊንዶውሴን ባክአፕ ስለማደርግ ማሽኑ በሙሉ ተጠብቋል ብሎ ማሰብ ደንበኞቼ ዘንድ በብዛት የማየው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ኢኤፍአይ የሚባለው ትንሽ ፓርቲሽን ነው። ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት፣ በአንዳንድ ፋብሪካዎች ማሽን ደግሞ 260 ሜጋባይት ስፋት አለው፤ አደረጃጀቱ ፋት32 ነው። ሁለቱም ሲስተሞች የመነሻ ፋይሎቻቸውን የሚያስቀምጡት እዚህ ስለሆነ፣ ተከፍቶ ቢታይ አንዱ ፎልደር «ማይክሮሶፍት»፣ ሌላው «ኡቡንቱ» የሚል ስም ይዞ ይገኛል። ኡቡንቱ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለው አጭር የግሩብ፣ ማለትም የመምረጫውን ጥቁር ገጽ የሚያመጣው ፕሮግራም፣ ፋይል የኤክስት4ውን ፓርቲሽን በመለያ ቁጥሩ ፈልጎ የሚያገኝ ነው። ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭን ባለሙያ ይህን ፓርቲሽን የዊንዶውስ ብቻ መስሎት ሲያጠፋው፣ የኡቡንቱው መነሻ አብሮ ይጠፋል። የመምህሩም ላፕቶፕ የደረሰበት ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ቦታ ግን ከዲስኩ ውጭ ነው። ማዘርቦርዱ በራሱ ትንሽ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ «ኡቡንቱ የሚነሣው ከዚህ ዲስክ፣ ከዚህ ፓርቲሽን፣ ከዚህ ፋይል ነው» የሚል መዝገብ ይይዛል። ይህ መዝገብ ከፓርቲሽኖች ቅጂ ጋር አይመጣም፤ ሲጠፋ እንደገና ይጻፋል እንጂ አይመለስም። አጻጻፉን ከታች አነሣዋለሁ።

ባዮሳቸው፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ የድሮ የሆነ ማሽኖች፣ ጎጃም ውስጥም ገና ብዙ አሉ፣ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን የላቸውም። በእነዚያ ላይ የግሩብ መነሻ የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይትና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ፕሮግራም እነዚህንም አብሮ ስለሚቀዳ የቅጂው አወሳሰድ አይለወጥም።

ታይምሺፍት ስላለኝ ይህ ሁሉ አያስፈልገኝም የሚል ደንበኛም ያጋጥመኛል። ታይምሺፍት ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ማሻሻያ ተጭኖ ሲስተሙ ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልሳል። ነገር ግን በተለመደው ቅንብሩ የተጠቃሚውን የግል ፋይሎች አይጨምርም፤ ቅጂውንም ብዙዎች የሚያስቀምጡት እዚያው ኡቡንቱው ያለበት ዲስክ ላይ ነው። የእኛ ገበሬ ለመጪው ክረምት የሚዘራውን ጤፍ ከሚበላው ጎተራ ለይቶ የሚያኖረው በከንቱ አይደለም። ዲስኩ ሲሞት ታይምሺፍቱም አብሮ ይሞታል።

ዝግጅት

ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል፦ ቅጂው የሚቀመጥበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ቢያንስ 4 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ። ፍላሹ ላይ ሬስኪውዚላ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም እንጭንበታለን። ሬስኪውዚላ ታይዋን ውስጥ ከሚሠራው ከታዋቂው ክሎንዚላ ጋር የሚግባባ፣ አንዱ የወሰደውን ቅጂ ሌላው መመለስ የሚችልበት፣ ነገር ግን በማውስ የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ የተሻለ ነው። ክሎንዚላን ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ ጥያቄዎቹ ግን ለደከመው ሰው አይሆኑም፤ አንድ ቦታ አስተካክሎ ያላነበበ ሰው የተሳሳተ ዲስክ ሊያጠፋ ይችላል። የሬስኪውዚላን ፋይል ኢንተርኔት ባለበት ቀን አንድ ጊዜ ማውረድና ማስቀመጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅጂ ለመውሰድም ሆነ ለመመለስ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ኡቡንቱ 24.04ን እንደ አዲስ ማውረድ ብቻውን ወደ 6 ጊጋባይት ዳታ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም። የወረደውን ፋይል በዊንዶውስ ላይ ሩፈስን ወይም ባሌና ኤቸርን ተጠቅመው ፍላሹ ላይ ይጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ መዝሙርና ፎቶ ካለበት አስቀድመው ያንሡ።

ኤክስተርናሉ ኤንቲኤፍኤስም ሆነ ኤክስፋት ቢሆን ችግር የለውም፤ እዚህ የምናስቀምጠው የሊኑክስ ፋይሎችን ተራ ኮፒ ሳይሆን የፓርቲሽኑን ምስል (ኢሜጅ)፣ ማለትም እንዳለ የተቀዳ ቅጂውን ነውና። ተራ ኮፒ ቢሆን ኖሮ የፋይሎቹ ባለቤትነትና ፈቃድ ስለሚጠፋ ሲስተሙ ሲመለስ አይነሣም ነበር። ስለ ቦታው ስፋት የሚታሰበው ፓርቲሽኑ የያዘው ዕቃ እንጂ የፓርቲሽኑ ስፋት አይደለም፤ ፕሮግራሙ ባዶውን ቦታ ይዘለዋል፣ ያለውንም ያምቀዋል። ኡቡንቱዎን ሲጭኑ በይለፍ ቃል እንዲቆለፍ መርጠው ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ሙሉውንና ባዶውን መለየት ስለማይችል ቅጂው የፓርቲሽኑን ሙሉ ስፋት ያህላል።

ዊንዶውስ ከ8ኛው ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ልማድ አለው፤ ሲያጠፉት በእውነት አይጠፋም፣ ግማሽ ዕንቅልፍ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ የዊንዶውስ ፓርቲሽን ላይ ከውጭ መጻፍ አደጋ ስላለው፣ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው «ሸትዳውን» የሚለውን ይምረጡ፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ዊንዶውሱ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለውን የማስከፈቻ ቁጥር አስቀድመው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የመነሻ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ዊንዶውስ ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ቅጂ እየተወሰደ ሳለ መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ የጊዜ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ከውስጡ ዲስክ ያነባል እንጂ ምንም አይጽፍበትም፤ ያልተጠናቀቀውን ቅጂ ሰርዞ መብራት ሲመጣ እንደገና መጀመር ይቻላል። ቅጂ ሲመለስ ግን እንዲህ አይደለም፤ በግማሽ የተጻፈ ፓርቲሽን አይነሣም። ስለዚህ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ካለዎት፣ ቢያንስ ለመመለሱ ሥራ ዩፒኤስ ይፈልጉ ወይም ባትሪ ይዋሱ።

ቅጂው ሲወሰድ

ኤክስተርናሉንና ፍላሹን ሰክተው ማሽኑን ያብሩና የመነሻ ምርጫውን ገጽ ይጥሩ፤ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ላፕቶፖች ኤፍ9 ነው። ፍላሹን ሲመርጡ ቋንቋ ይጠይቅዎታል፣ ከዚያም ዴስክቶፕ የሚመስል ገጽ ይመጣል።

ወደ ባክአፕ ከመሄድዎ በፊት እዚያው ያለውን፣ የዲስኩን ፓርቲሽኖች የሚያሳየውን ጂፓርትድን ይክፈቱና ዝርዝሩን ቀስ ብለው ያንብቡ። የተለመደ ማሽን ላይ ከላይ መቶ ሜጋባይት የሆነ ፋት32 ይታያል፣ በስተቀኙም «ቡት» እና «ኢኤስፒ» የሚሉ ምልክቶች ይኖሩታል፤ ይህ ኢኤፍአዩ ነው። ከሥሩ 16 ሜጋባይት የሆነ የማይክሮሶፍት ማቆያ፣ ቀጥሎ ትልቁ ኤንቲኤፍኤስ፣ እርሱም ዊንዶውሱ፣ ከዚያም ኤክስት4 ይመጣል። አንዳንዱ ማሽን ላይ ኤክስት4 ሁለት ነው፤ አንደኛው ሲስተሙን፣ ሁለተኛው የግል ፋይሎችን የያዘ። ከ17.04 በፊት በነበሩ የኡቡንቱ ዓይነቶች የተጀመረ ማሽን ከሆነ ደግሞ ራም ሲሞላ መጠባበቂያ የሚሆን «ስዋፕ» የሚል ፓርቲሽን ሊኖረው ይችላል። ይህን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ዲስኩ ተቃጥሎ በአዲስ ሲተካ የትኛው ፓርቲሽን ስንት ይሰፋ እንደነበር የሚነግርዎ ይህ ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ የዲስኮቹንም ስም ይለዩ። የውስጡ ሳታ ዲስክ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ኤስዲኤ»፣ ውጫዊው «ኤስዲቢ» ወይም «ኤስዲሲ» ይባላል፤ አዲሶቹ ፈጣን ዲስኮች ግን «ኤንቪኤምኢ» በሚል ይጀምራሉ። ስሙ እንደ አሰካኩ ቅደም ተከተል ሊቀያየር ስለሚችል በስም ብቻ አይተማመኑ፤ ስፋቱንና የፋብሪካውን ስም ያመሳክሩ። ውስጡም ውጩም 500 ጊጋባይት፣ ፋብሪካቸውም አንድ የሆነ ደንበኛ ገጥሞኝ ያውቃል። እርሱን የለየሁት ኤክስተርናሉን ነቅዬ ከዝርዝሩ የትኛው እንደጠፋ በማየት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲሁ አደርጋለሁ።

አሁን ሬስኪውዚላን ከፍተው «ባክአፕ» የሚለውን ይጫኑ። መጀመሪያ የውስጡን ዲስክ ይምረጡ። ቀጥሎ በሚመጣው የፓርቲሽኖች ዝርዝር ላይ ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸው ይመጣሉ፤ የዊንዶውሱን ትልቅ ኤንቲኤፍኤስ ያንሡና የኤክስት4ቶቹንና የኢኤፍአዩን ምልክት ይተዉ። እኔ የመምህሩን ማሽን በቀዳሁ ጊዜ የኢኤፍአዩን ምልክት ያነሣሁት 100 ሜጋባይት ለመቆጠብ አልነበረም፤ የዊንዶውስ ነው ብዬ ነው። ስዋፑን መቅዳት ግዴታ አይደለም፤ ከተመለሰ በኋላ ስዋፑ ከሌለ ግን ኡቡንቱው በተነሣ ቁጥር 1 ደቂቃ ተኩል ያህል ሲፈልገው ይቆያልና፣ ካለ አብሮ ቢሄድ ይሻላል። የፓርቲሽኖቹ አከፋፈል ሠንጠረዥ ሳይጠየቅ አብሮ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ማስቀመጫውን ዲስክ ይመርጣሉ፣ ፎልደር ይጠቁማሉ፣ ስም ይሰጣሉ። ስሙ ላይ የማሽኑን ማንነትና ቀኑን ያካቱ፤ «ባክአፕ አዲስ» የሚል ስም ከሦስት ወር በኋላ ምንም አይነግርዎትም። የእመቃውን ምርጫ እንዳለ ይተዉት። የመጨረሻውን ማረጋገጫ ገጽ አንብበው ያስጀምሩ።

የሚፈጀው ጊዜ በሶኬቱ ዓይነት ይወሰናል። በዩኤስቢ 2 በተግባር የሚገኘው ፍጥነት በሰከንድ ከ30 እስከ 35 ሜጋባይት ነው፤ እመቃውን ሳንቆጥር 36 ጊጋባይት ወደ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው የዩኤስቢ 3 ሶኬት ካለ እርሱን ይጠቀሙ። በአሮጌ ማሽን ላይ የሚያዘገየው ሶኬቱ ሳይሆን የሚያምቀው ፕሮሰሰር ሊሆን ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ በፎልደሩ ውስጥ መጨረሻቸው «ኤኤ»፣ «ኤቢ»፣ «ኤሲ» እያለ የሚሄድ ትልልቅ ፋይሎች ያገኛሉ። ድግግሞሽ አይደሉም፤ አንዱ ምስል ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ አንዷ ከጎደለች ሙሉው ከንቱ ይሆናል። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ «ኤቢ»ዋን የሰረዘ ደንበኛ አለኝ። ከገጹ ሳይወጡ «ቬሪፋይ ኢሜጅ» በሚለው ቅጂውን ያስፈትሹ፤ ፍተሻው ተጨማሪ ደቂቃዎች ቢወስድም ኤክስተርናሉ እያረጀ ከሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

መመለስ

አስቀድሜ የሁለተኛውን ጥፋቴን ልናገር። የመምህሩ የኤክስት4 ፓርቲሽን እኮ ደኅና ነበር፤ የጠፋው መነሻው ብቻ ነው። እኔ ግን ሳልመረምር የስድስት ወር ቅጂ በላዩ ስመልስበት፣ በእነዚያ ስድስት ወራት የጻፈውን ሁሉ በራሴ እጅ ደመሰስሁት። ምዕራፎቹን ለአማካሪው በቴሌግራም ይልክ ስለነበር አብዛኛው ከዚያ ተገኘ እንጂ ፊቱን የማይበት ዓይን አይኖረኝም ነበር። ስለዚህ ምንም ነገር ከመመለስዎ በፊት በጂፓርትድ ፓርቲሽኑ መኖሩን ይመልከቱ፣ ካለ ደግሞ አሁን ያለበትን ሁኔታ በሌላ ስም ቀድተው ያስቀምጡ።

ፓርቲሽኑ በእርግጥ ተበላሽቶ ከሆነ በሬስኪውዚላ «ሪስቶር» የሚለውን ይክፈቱ፣ ቅጂውንና የውስጡን ዲስክ ይምረጡ። በፓርቲሽኖቹ ገጽ ላይ የአከፋፈል ሠንጠረዡን በላዩ ልጻፍ የሚል ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ዲስኩ አዲስ ካልሆነ በቀር ይህን ምልክት ያንሡት፤ ካላነሡት የዲስኩ አከፋፈል ቅጂው ወደተወሰደበት ቀን ይመለስና ከዚያ ወዲህ በሌላ አከፋፈል የተጫነ ዊንዶውስ መገኛው ይጠፋል። ከዚያ የኤክስት4ውን ብቻ ወደ ቦታው ይመልሱ። መቀበያው ፓርቲሽን ቢያንስ የቀድሞውን ያህል መስፋት አለበት፤ 80 ጊጋባይት የነበረ ፓርቲሽን 30 ጊጋባይት ዕቃ ብቻ ቢኖረውም 60 ጊጋባይት ውስጥ አይገባም። በዚህ መንገድ የተመለሰ ፓርቲሽን የቀድሞ መለያ ቁጥሩን ይዞ ስለሚመጣ ግሩብ አይስተውም።

የኢኤፍአዩን ቅጂ ግን ዊንዶውሱ ከተለወጠ በጅምላ አይመልሱት፤ የድሮው የዊንዶውስ መነሻ በአዲሱ ላይ ይጻፍና አዲሱ ዊንዶውስ እንቢ ይላል። የሚሻለው በሬስኪውዚላ «ኢሜጅ ኤክስፕሎረር» የኢኤፍአዩን ምስል ከፍቶ «ኡቡንቱ» የሚለውን ፎልደር ብቻ ወደ አሁኑ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን መቅዳት ነው። ፋት32 የሊኑክስን የባለቤትነት ፈቃድ ስለማይይዝ እዚህ ላይ ተራ ኮፒ በቂ ነው። አንድ የሚቀር ነገር አለ፦ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ ፎርማት ተደርጎ ከነበረ መለያው ተለውጧል፣ ኡቡንቱው ሲነሣ የሚከፍታቸውን ፓርቲሽኖች በሚዘረዝረው «ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ ግን የድሮው እንደተጻፈ ነው፤ ካልታረመ ሲስተሙ ጥቂት ጠብቆ የጥገና ገጽ ላይ ይቆማል። አዲሱን መለያ ጂፓርትድ ላይ በፓርቲሽኑ መረጃ ገጽ ያገኙታል፤ በፋይሉ ውስጥ ያንን አንድ መስመር ብቻ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያርሙ።

በማዘርቦርዱ ያለውን መዝገብ በተመለከተ፣ ብዙ ባዮሶች የመነሻ ፋይል በእጅ ለመጨመር ያስችላሉ። በቡት ገጹ ላይ አዲስ መነሻ መጨመሪያውን ፈልገው ከኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ «ኡቡንቱ» ፎልደር ውስጥ ስሙ በ«ሺም» የሚጀምረውን ፋይል ያመልክቱ፣ ከዝርዝሩም አናት ላይ ያውጡት። ባዮሱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ በኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ገብቶ መነሻውን የሚጠግነውን ቡት ሪፔር የተባለ ፕሮግራም ማስኬድ ነው፤ እርሱ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። የመምህሩን ላፕቶፕ በመጨረሻ ያስነሣሁት በዚህ መንገድ ነበር፤ በስልክ ዳታ፣ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ ከምሳ እስከ ማታ። የድሮ ባዮስ ላላቸው ማሽኖችም መፍትሔው ይኸው ቡት ሪፔር ነው።

ቅጂውን መቼ እንውሰድ ለሚለው፣ እኔ ሦስት ጊዜ እላለሁ፦ ኡቡንቱው ወደ አዲስ ዓይነት ከመሻገሩ በፊት፣ ዊንዶውሱ ላይ ማንም ሰው እጁን ከማሳረፉ በፊት፣ እና በሰኔ መግቢያ። የሐምሌና የነሐሴ መብረቅ በመብራት መስመር ገብቶ ያቃጠላቸው ፓወር ሰፕላዮች ጥገና ቤቴ ጥግ ላይ ተደርድረዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ሲቃጠል ዲስኩን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ከዲስክ ላይ መረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ፍለጋ ደንበኞቼ ዓባይ በረሃን ተሻግረው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳሉ። ኤክስተርናሉን ሥራው እንዳለቀ ከማሽኑ ይንቀሉና ከተቻለ ሌላ ቤት ያስቀምጡት፤ የሞጣው መምህር የእርሱን እናቱ ቤት ቢቸና አኑሮታል፣ በካርቶኑ ላይም የላፕቶፑን ስምና የተቀዳበትን ቀን በማርከር ጽፎበታል።